እትዬ የዝና፣ ቦኖውና የዛሪማዋ አክስቴ

እትዬ የዝና ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰፈራችን ውሃ በጠፋ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ጧት ነበር። ጎረቤታቸው እናኑ የግቢዬን ቆርቆሮ በር ደበደበች፤ እኔ ጫማዬን ፍለጋ አልጋ ሥር ስዳብስ ከውጭ ሆና፣ «አያ ታከለ፣ እትዬ የዝና አረፉ» አለችኝ። ከዚያ የሚያሳፍር ነገር እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመገነዣ የሚሆን ውሃ የለም» አለች።

ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው። ሰማንያን ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ፤ በዚህ ዕድሜ ሳቅና እንባ በአንድ ቧንቧ ነው የሚመጡት፣ የትኛው እንደሚቀድም ባለቤቱም አያውቅ። ያን ሁሉ ዘመን የሰፈሩን ውሃ ሲያካፍሉ የኖሩ ሴትዮ፣ ፊታቸውን የሚታጠቡበት አጥተው ተኝተዋል።

«ቦኖው ዛሬ መጥቷል ይባላል» አለች እናኑ። «ግን ወረፋው እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል። ዘመዶቻቸው ከኮሶዬ እስኪመጡ ሬሳው እንዲሁ ይቆይ?»

ጀሪካኔን አነሣሁ። ከቤቴ እስከ ቦኖው ለጤነኛ ሰው አምስት ደቂቃ ነው። ለእኔ ጉልበት ግን ረጅም ነው፤ ሦስት ቦታ ያሳርፈኛል፤ ሁለቱን ለድካም፣ አንዱን አላፊ አግዳሚውን ለማማት። እዚያ እስክደርስ ስለ እሳቸው ላጫውታችሁ።

ቦኖ የምንለው የሰፈሩን የጋራ ቧንቧ ነው። የእኛው ከአራዳ ቁልቁል ሲወርዱ ከድንጋይ አጥር ጥግ ነው ያለው። እትዬ የዝና ከአጠገቡ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ድንጋይዋ መሐሏ ጎድጉዷል። «እትዬ፣ በእርስዎ ክብደት ነው» ስላቸው፣ «በትዕግሥቴ ነው፤ የአንተን ወሬ ስሰማ ነው የጎደጎደች» ይሉኛል። የኮሶዬ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው ወደ ጎንደር ሲወርዱ ብርዱን ትተው አልመጡም መሰለኝ፣ በሚያዝያ ሐሩር እንኳ ጋቢያቸው እስከ አፍንጫቸው ነው። የቦኖውን የቧንቧ እጀታ ነቅለው በመቀነታቸው ይቋጥሯታል። እሷ ከሌለች ውሃ የለም። ቀበሌው ተራ አስጠባቂ ብሎ የሰየማቸው መቼ እንደሆነ ማንም አያስታውስ፤ እኔ ሳውቃቸው እዚያው ነበሩ።

ፊደል አልቆጠሩም። ጀሪካን ግን ያነቡ ነበር። አርባ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ሰዉ እቤቱ ሲሄድ፣ በሸምበቆ በትራቸው እየነኩ፣ «ይቺ እጀታዋ በቀይ ክር የታሰረችው የመሪጌታ ናት። ይቺ የተለበደችው የሐጂ ቤት። ይቺ ክዳኗ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈች ደግሞ የሰነፍ ሰው ናት» ይላሉ። የሰነፉ የእኔ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር በፒካፕ ስድስት ጀሪካን ይዞ መጣና ወደ ፊት አልፎ አቆመ። «የኃላፊው ነው፣ ቶሎ ይበሉ እማማ» አላቸው። እትዬ የዝና እጀታዋን ከቧንቧው ነቀሉና በመቀነታቸው ቋጠሩ። «ኃላፊው ጠምቷቸው እንደሆነ ይምጡና ከኋላ ይቁሙ። ሸጋ ሸጋ ሰው አለ፣ ያጫውታቸዋል።» ሹፌሩ ስልክ አወጣ። «ደውል» አሉት። «ሀብታም ታንከር አለው፣ ሹም ስልክ አለው። ድሃ ምን አለው? ተራው ነው ያለው። ተራ የድሃ ርስት ናት። እኔ ደግሞ ርስት አላስነጥቅ።»

ይህን ርስት አልፈው የሚቀዱ ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ፦ አራስ ቤትና ለቅሶ ቤት። ሠርግ ያለበት ሰው ቢለምን ቢያለቅስ አይሰሙትም። «ሠርግ ይቆያል። የማይቆዩ ሕፃንና ሬሳ ናቸው።» የሐጂ ቤት ሰው የሞተ ጊዜማ፣ ቀብሩ ዕለቱን ስለሆነ፣ ራሳቸው ጀሪካኑን አዝለው ሲሮጡ አይቻለሁ። የእኔዋም ባለቤት ስታርፍ፣ ገና ጩኸቱ ከቤት ሳይወጣ ሁለት ጀሪካን በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም። የሚጠየቅ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያን ጉድ የሠራሁት።

ወሩ ሚያዝያ ነው። ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። አንድ ጧት መጣ ሲባል እኔ ተኝቻለሁ። ተነሥቼ ስሄድ ከፊቴ ያለውን ጀሪካን ብቆጥር ብቆጥር አያልቅም። አንገቴ ይበላኛል፣ ሸሚዜ ከላብ ብዛት ብቻውን ይቆማል፣ ስለ ካልሲዬ ባልናገር ይሻላል። ወደ ቤት ተመለስሁ። ጋቢዬን እንደ ኀዘንተኛ አዘቀዘቅሁ፣ ፊቴን አኮማተርሁ (እሱ አላስቸገረኝም፣ የተፈጠረው እንዲያ ሆኖ ነው)፣ እግሬን እየጎተትሁ እፊታቸው ቆምሁ።

«ምነው ታከለ፣ ምን ሆንህ?»

«አክስቴ አረፉ እትዬ። ዛሪማ ላይ።»

«ውይ፣ ውይ! ማን ይባላሉ?»

ስም አላዘጋጀሁም ነበር። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ አንድ ስም ጠፋኝ። «ዘ... ዘርፌ» አልሁ።

«ነፍስ ይማር። በሉ አሳልፉት፣ ለቅሶ ቤት ነው።» ሰዉ ጀሪካኑን ገፋ። ሁለቱ ጀሪካኖቼ ሞሉ። እቤቴ ገባሁና ራሴን ታጠብሁ፣ አንገቴን ታጠብሁ፣ ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ የሚታጠብ ሁሉ ታጠበ። በገመዱ ላይ አሰጥቼ፣ በጥላው ተቀምጬ፣ እንደ ንጉሥ ጢሜን እያሻሸሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ የዝና ናቸው። ከኋላቸው የእድር ሴቶች አሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አንዷ ንፍሮ በመሶብ ይዛለች። ሌላዋ አልቃሽ ናት።

አክስቴ ዘርፌ ተለቀሰችላት። አልቃሿ የዛሪማን ገደል፣ የዘርፌን ደግነት፣ እጇ ለድሃ አለመታጠፉን ግጥም እየገጠመች ስትደረድር፣ ያልተወለደች ሴት እኮ ይህን ያህል ደግ መሆኗ ገረመኝ። እኔም አለቀስሁ። እንባዬ እውነተኛ ነበር፤ ከኀፍረት ነው። ካልሲዎቼ ከለቀስተኛው ራስ በላይ ጠብ ጠብ ይላሉ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ ወይም ያየ መስሎ አልታየም።

ሲወጡ እትዬ የዝና ኋላ ቀሩ። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ካልሲ ጨመቅ አደረጉት።

«ፈጣሪ ያጥናህ። ካልሲው ደርቋል፣ አስገባው» አሉኝ። በሩ ላይ ሲደርሱም ዞር ብለው፣ «እንግዲህ ኀዘንተኛ ነህና እስከ አርባዋ ድረስ ወረፋው መጨረሻ ላይ ትቆማለህ» አሉ።

ቆምሁ። አርባውን ቀን ቆምሁ። በዚያ ሐሩር የወረፋ መጨረሻ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ውሃ የጠፋበት ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው ካንተ በፊት ያለችው ሴትዮ ጋ ሲደርስ ያስልና ይቀራል። እሳቸው ለማንም ምክንያቱን አልተናገሩም። ሰፈሩ ግን በሦስተኛው ቀን ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ እትዬ የዝና ባገኙኝ ቁጥር፣ «ዘርፌ እንዴት ከረሙ?» ይሉኛል። «ደኅና ናቸው፣ ሰላም ይሉዎታል» እላለሁ። በዚሁ ተስማምተን ኖርን።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። የሚያስቀው እሱ ነው። ሁለተኛውን አጭር አድርጌ ልናገረው፤ እግሬም ደክሟል።

ሰፈራችን ውስጥ ወሬ መጣ። ቦኖዎቹ ለግል ባለሀብት በውል ሊሰጡ ነው፣ አገልግሎቱ ሊዘምን ነው ተባለ። ስብሰባ ተጠራ። እኔ የትም ብሄድ ሰው ፊቴን አይቶ ብዕር ነው የሚሰጠኝ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንሁ። ከመድረክ አንድ ልጅ እግር ባለሙያ ስለ ዘመናዊ ካርድ፣ ስለ ብክነት፣ ስለ ዘላቂነት ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ከፊቱ ያለችው የታሸገች ውሃ ባዶ ናት። ሰዉም ደክሞታል። በዚያን ሰሞን «ውሃውን ዲያብሎስ ይዞት ይምጣ፣ ብቻ ይምጣ» የማይል አልነበረም። ሊያጨበጭቡ ሲሉ እትዬ የዝና ሸምበቋቸውን አነሡ።

«ለለቅሶ ቤትና ለአራስ ቤትስ እንዴት ነው?»

«እማማ፣ እሱ ዝርዝር ነው። በአፈጻጸም ወቅት ይታያል።»

«ሞት ነው ዝርዝሩ?»

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያውም ፈገግ አለ። እሳቸው አልሳቁም። «አስቁኝ ብዬ አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነገ አልኖርም። የቆመ ሰው ይናገራል፣ የተኛ ሰው ካርድ አያወጣም። ይጻፍልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ጸሐፊው፣ ጻፈው» አሉኝ።

ብዕሬን አነሣሁ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ፣ «አያ ታከለ፣ ዝርዝሩን ይተዉት፣ አንድ ገጽ ይብቃ። ጥያቄ ከገባበት ውሉ ይዘገያል» አለኝ። ያንኑ ሰሞን ደግሞ አዲሱ መስመር በእኔ ግቢ በኩል ያልፋል የሚል ተስፋ ሰጥተውኝ ነበር። ወንበሩም ወገቤን አሳምሞኛል። ምክንያት ስደረድር ከአልቃሿ እበልጣለሁ፤ ዋናው ነገር አልጻፍሁትም።

ሲፈረም ወረፋ ይዘው መጡ። አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ላይ አድርገው ቆም አሉ።

«ጻፍኸው?»

«ጽፌዋለሁ እትዬ።»

አመኑኝና አሻራቸውን አሳረፉ። እጄም ከውሸቱ አልቀረችም፣ የሚያሳርፉበትን ቦታ ያሳየሁ እኔው ነኝ።

አዲሱ መስመር በእኔ ግቢ በኩል አላለፈም። ይህንን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ እንድትስቁብኝ ነው።

ቦኖው በብረት ፍርግርግ ታጠረ። ካርድ የሚቀበል ተቀጣሪ ተቀመጠበት። እትዬ የዝና እጀታዋን ከመቀነታቸው ፈትተው ሊያስረክቡ ቢሄዱ፣ «አያስፈልግም እማማ፣ ቧንቧው ተቀይሯል» አሏቸው። መልሰው ቋጠሯት። ውሃው በዛ እንዳልል አልበዛም፤ ወረፋው አላጠረም። የባለሀብቱ ቦቴ ከኋላ በኩል እየሞላ ሽቅብ ወደ ሆቴሎቹ ሲወጣ፣ እኛ ከፊት በኩል ቆመን እናየዋለን። ቦቴው ሲሞላ የእኛ ይቀጥናል። ተቀጣሪው፣ «እኔ የማውቀው የፊቱን ነው» ይላል። እውነቱን ነው።

እሳቸው ግን በየጧቱ መጥተው ከፍርግርጉ ውጭ ከድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ። የሚያዝዛቸው የለም፣ የሚያዙት የለም። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ሲመጣ ተቀጣሪው «ወረፋ ይያዙ» ይለዋል። ያኔ እትዬ የዝና ከጧት ጀምሮ ቆመው የሞሉትን የራሳቸውን ጀሪካን በሸምበቋቸው ወደ ሰውየው ይገፋሉ። ባዶውን ይዘው መጨረሻ ላይ ይቆማሉ።

እኔን ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል። «ጸሐፊው፣ የዚያ የጥያቄዬ መልስ አልመጣም?»

«ገና ነው እትዬ።»

«ይሁን። መንግሥት ሥራ ይበዛበታል።»

ይህ አንድ ዓመት አልነበረም፣ ሁለት ዓመትም አልነበረም። በየጊዜው፣ ያለ ቁጣ፣ ስለ ጤንነቴ እንደሚጠይቁኝ ነበር የሚጠይቁኝ። ባለፈው ጾም ከቤተ ክርስቲያን ስንወርድ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ እንደገና አነሡብኝ። «ገና ነው» አልሁ። ትከሻዬን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ፣ «በል እንግዲህ፣ ዘርፌን ሰላም በልልኝ» አሉኝ። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ይኸው ቦኖው ጋ ደረስሁ።

እናኑ እንዳለችው ወረፋው እስከ ወፍጮ ቤቱ ነው። ጀሪካኔን እየጎተትሁ በጎን በኩል ወደ ፊት አለፍሁ። ሰዉ ያጉረመርማል። ተቀጣሪው በትሕትና ተነሣ። «አያ፣ ወረፋ ይያዙ እንጂ።»

«ለቅሶ ቤት ነው» አልሁት።

ከመሐል አንድ ሰው ጮኾ፣ «ደግሞ ማን ሞተ? ዘርፌ ተነሥታ ነው?» አለ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። የደከመው ሰው ሲስቅ ያሳዝናል፤ ሳቁ ከጉሮሮ አያልፍም።

«እትዬ የዝና ናቸው» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። ከኋላ ያልሰሙት ከፊት ያሉትን ሲጠይቁ፣ ስማቸው ከጀሪካን ወደ ጀሪካን እየወረደ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሲሄድ ይሰማኛል። አንዲት ሴት በእጇ አፏን ያዘች። ድንጋይዋ ባዶዋን ናት፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አላስተዋለም።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ተቀጣሪው። ደንግጧል። «እኔ ግን አያ፣ ታዝዤ ነው የምሠራ። ለለቅሶ ቤት የሚል በውሉ የለም። አንብቤዋለሁ፣ የለም።»

«እንደሌለ አውቃለሁ» አልሁት። ከዚያ አፌ አልመለስ አለኝ። «እንዲጻፍ ጠይቀው ነበር። ጻፍኸው ወይ አሉኝ፣ ጽፌዋለሁ አልኋቸው። አልጻፍሁትም። ጥያቄያቸው በሌለበት ወረቀት ላይ ነው አሻራቸውን ያስደረግኋቸው። በየዓመቱ መልሱ አልመጣም ወይ ሲሉኝ ገና ነው እያልሁ...»

የሚሰድበኝ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ወረፋው መጀመሪያ ላይ የቆመች፣ ልጅ ያዘለች፣ እኔ የማላውቃት ሴት ወደ እኔ ዞረች።

«አያ» አለችኝ፣ «ኑዛዜውን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። አሁን ጀሪካኑን ያቅርቡ።»

የራሷን ጀሪካን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋች። የኋለኛውም ገፋ። የኋለኛውም። ያ የጀሪካን ድምፅ፣ ባዶ ላስቲክ በኮረት ላይ ሲፋተግ፣ እንደ ማዕበል እስከ ወፍጮ ቤቱ ወረደ። ለዓመታት አልሰማሁትም ነበር። በዘርፌ ለቅሶ ዕለት፣ ለእኔ ለአጭበርባሪው ሰዉ ጀሪካኑን ሲገፋ የሰማሁት ያው ድምፅ ነው።

ተቀጣሪው ፍርግርጉን ከፈተ። የራሱን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ አስነካና ደብተሩን ገለጠ። «አንድ ነገር ልጻፍበት፣ ነገ ይጠይቁኛል። ለሟች ምናቸው ነዎት?»

ምናቸው ነኝ? ጸሐፊያቸው ልበል? ዘመዶቻቸው ገና ከኮሶዬ ማኪና እየጠበቁ ነው።

«አክስቴ ናቸው» አልሁት።

ማንም አልሳቀም።

ውሃው እንደ ክር ነበር። አንዴ አሳለ፣ አየር ተፋ፣ ቀጠለ። ጀሪካኑ ሦስት አራተኛ ሲሆን ቀጥ አለ። ከኋላ በኩል የቦቴው ሞተር ይሰማል። ተቀጣሪው ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። የቆረቆንዳ ውታፌን ወተፍሁበትና፣ እኔና ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት በአንድ እጅ በአንድ እጅ ይዘነው ወጣን። በቃቸው። እናኑና ሴቶቹ በዚያችው አጠቧቸው፣ በዚያችው ገነዟቸው። መቀነታቸው ሲፈታ የቧንቧዋ እጀታ ዱብ አለች። ከማን ጋ ትሁን ተባለና ከእጃቸው ሥር አደረጓት።

ስብሰባውን ወደ ጠራው ቢሮ ሄጄ ጥያቄውን አሁን በቃለ ጉባኤው ይግባልኝ አልሁ። አንዲት ትሑት ልጅ፣ «አባባ፣ የተዘጋ ሰነድ ነው፤ አዲስ ማመልከቻ ይጻፉ» አለችኝ። ጽፌ ሰጠሁ። እነሆ ገና ነው። መንግሥት ሥራ ይበዛበታል።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ እቆማለሁ። ሰዉ «አያ ታከለ፣ ወደፊት ይለፉ፣ ሽማግሌ ነዎት» ይለኛል። ኀዘንተኛ ነኝ፣ እስከ አርባቸው ድረስ ነው እላለሁ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ውሃው እስካሁን እኔ ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ካልሲዬ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።